ከፋኖሱ በር ላይ ያነሳሁት ጫማ

ወላሂ፣ ይሄ ፈጠራ አይደለም። ተረት የሚመስለው ሰው ካለ ይለፈው፣ አልቀየምም።

ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ደንዉዲ ከተማ፣ የምኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ ነኝ። የመኪናዬን በሮች ሎክ አድርጌ ነው የምጽፍላችሁ። ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከዚህ ይታየኛል።

መግባት ግን አልቻልኩም...

ዋሲላ እባላለሁ። ዲኬተር ከተማ ያለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። ሰው የሚመጣው አንድ ነገር ለማየት ነው። የጃፓን የወረቀት ፋኖስ።

ፋኖስ ስላችሁ በእጅ የሚያዘው እንዳይመስላችሁ። በሽቦ ላይ ወረቀት ለጥፈው የሠሩት፣ ሰይፍ የመዘዘ ጦረኛ ነው። ቁመቱ ቤት ያክላል። በአገራቸው በዓል ሲደርስ እንዲህ ያለውን ጋሪ ላይ ጭነው፣ ከውስጥ አብርተው ከተማውን ያዞሩታል። አለቃችን ኬኮ ልማዱ እንዳይጠፋ ብላ ነው እዚህ ድረስ ያስመጣችው።

ከጦረኛው እግር ስር ትንሽ በር አለች። አምፖል ሲቃጠል ለመቀየር ጎንበስ ብለው የሚገቡት ጋሽ ሸፊቅ ናቸው። የወሎ ሰው፣ ስልሳን ያለፉ፣ ለሁሉም ነገር መልሳቸው "አብሽሪ" የሆነ።

የኬኮ ሕግ አንድ ናት። የሚገባ ሰው ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል። በሩ ላይ ጫማ ካለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ስዊች አይነካም።

ጋሽ ሸፊቅ ሕጓን ወደዋት ነበር። እንደ መስጊድ ናት እያሉ ይስቁ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ጓደኛዬ ሊና ቪዲዮ ልትቀረጽ መጣች። የጋሽ ሸፊቅ አሮጌ ቡናማ ጫማ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሊና ቪዲዮዬን ያበላሽብኛል አለች።

እኔ ነኝ ያነሳሁት። በዚህ በእጄ። ጠረጴዛዬ ስር ወሸቅኩት። ከዚያ ወሬ ያዝን፣ ሊና ፀጉሯን አስተካከለች፣ እኔ ጉደኛዋ ጫማውን ረስቼ እየሳቅኩ ስዊቹን ተጫንኩት።

ፋኖሱ ቦግ አለ።

ጦረኛው ሆድ ውስጥ የሰው ጥላ ነበር... ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ።

ኮረንቲ ይዟቸዋል። ጩኸት እንኳ አልሰማንም።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ኬኮ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

"በሩ ላይ ጫማ ነበር?"

"አልነበረም" አልኳት።

አንድ ቃል ናት። በዚህች ቃል የተነሳ ጥፋተኛው ራሳቸው ጋሽ ሸፊቅ ናቸው ተባለ። ሰውየው ራሳቸውን ስተው በተኙበት ከሥራ ተሰናበቱ። ሊናን ዝም እንድትል አስማልኳት፣ ጫማውን መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ደበቅኩት። ብናገር ከሥራ ፋየር ያደርጉኛል፣ ምናልባትም እታሰራለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሙዚየሙ እንደገና ሲከፈት ፋኖሱን አበራነው።

ጥላው እዚያው ነበር።

ኬኮ ወረቀቱ ቆሽሾ ነው ብላ ውስጡን አየች። ማንም የለም። አጠፋችው፣ አበራችው... አለ። በማግስቱ ፊቱን አዞረ። ወደ ትኬት ጠረጴዛው። ወደ እኔ።

አልቻልኩም፣ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሞቹ አይሰሙም ብለውኛል። ጆሯቸው ስር ጎንበስ አልኩ።

"ጋሽ ሸፊቅ... አፉ ይበሉኝ።"

ዓይናቸው አልተገለጠም። ከንፈራቸው ግን ተንቀሳቀሰ።

"ጫማዬስ..."

"እ?"

"ጫማዬን ሳላገኝ በምን ልውጣ?"

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ጫማውን ፋኖሱ በር ላይ አስቀመጥኩት። ኬኮ አይታው ከየት መጣ ስትል የጽዳት ሰዎች አግኝተውት ይሆናል አልኳት። አያችሁ? አሁንም ዋሸሁ።

ከሰዓት በኋላ ጫማው በሩ ላይ አልነበረም። ፋኖሱን ስናበራው ሆዱ ባዶ ነው። ሳላፍር አልሃምዱሊላህ አልኩ።

ከሥራ ወጥቼ ቤቴ መጣሁ። ደረጃውን ወጣሁ...

ያ ቡናማ ጫማ ቤቴ በር ላይ ተቀምጧል።

የምኖረው ብቻዬን ነው። በሩን ሳልነካ ሮጬ ወረድኩ።

ከመኪናው ቀና ብዬ ሳይ፣ ጠዋት ያጠፋሁት የሳሎን መብራት በርቷል። መጋረጃው ላይ ጥላ አለ። ቁጢጥ ብሏል፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

ጫማውን መልሻለሁ። "አልነበረም" ያልኩትን ግን አልመለስኩም።

ኬኮ ጋ ደወልኩ።

"ጫማው ነበር" አልኳት። "በሩ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ስዊቹንም የተጫንኩት እኔ ነኝ።"

ኬኮ ስታለቅስ ብቻ ሰማኋት።

ጥላው እጁን አወረደ። ተነሳ። በትንሽ በር እንደሚያልፍ ሰው ጎንበስ አለና ከመጋረጃው ላይ ጠፋ።

ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ሰማሁ... ቀስ እያለ ወረደ። ሰው ግን አይታየኝም። መኪናዬ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

ይሄን ስጽፍ ስልኬ ይጠራል። የሆስፒታሉ ቁጥር ነው። ላነሳው ፈራሁ።

በሮቹ አሁንም ሎክ ናቸው። በጎን መስታወቱ አየሁ...

ከኋላ በሩ ስር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ጫማው ጎን ለጎን ተወልቆ ተቀምጧል።