በጭኔ የተለካ ግፊት

ባለቤቴ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳ። መጋረጃውን ከፈተ፤ ውሃ ጣደ፤ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የደም ግፊቴን ይለካ ጀመር። የሚለካኝ በጭኔ ነው። ጣቶቼ ከትከሻዬ ትንሽ ዝቅ ብለው ስለሚጀምሩ መለኪያው የሚጠመጠምበት ክንድ የለኝም። እናቴ እኔን ስታረግዝ ለማቅለሽለሽ የታዘዘላት ኪኒን እጆቼን አሳጠረ፤ አንድ ኩላሊትም አስቀረብኝ። የመለኪያውን ጨርቅ ለጭኔ እንዲበቃ አስፍቶ የሰፋው ራሱ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር።

የተዋወቅነውም ሱቁ ውስጥ ነው። ሸሚዝ ላሳጥር ገባሁ። እንደ ሌሎቹ ዓይኑን አልሰበረም።

«እጅጌው በቁልፍ ይሁን በላስቲክ?» አለኝ።

«ቁልፉን ማን ይቆልፍልኛል?»

«እሱን እኔ አስብበታለሁ» ብሎ አቀረቀረ።

በእርግዝናዬ ስድስተኛ ወር ያለኝ አንድ ኩላሊት ደከመ። በሳምንት ስድስት ቀን የኩላሊት እጥበት ጀመርኩ። ሐኪሜ የግፊት ኪኒን አዘዘችልኝ።

«ለፅንሱ አያሰጋም» አለች።

እናቴም የተባለችው ይህንኑ ነበር። ኪኒኑን ምላሴ ሥር ደብቄ እተፋው ጀመር።

ያን ጠዋት መትፋት ከጀመርኩ አምስተኛ ቀኔ ነበር። ባለቤቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየው።

«ቲቸር፣ እየዋጥሽ ነው?» አለኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ኧረ በናትሽ! እኔ ስፌት እንጂ ሕክምና አላውቅም። አታስፈራሪኝ።»

«ልጄ እንደ እኔ ብትወለድስ?»

የመለኪያውን ጨርቅ ከጭኔ ፈታ።

«እንዳንቺ ከሆነች ልኳን አውቀዋለሁ፤ እሰፋላታለሁ። አንቺ ከሌለሽ ግን ምን ልሁን?»

ያኔ እንባዬ መጣ። ጠረገልኝ፤ ጫማዬን አሰረልኝ፤ ሐኪሟ ዘንድ አብረን ሄድን። የተፋሁትን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። የአልትራሳውንዱን ምስል ወደ እኛ አዞረችው።

«የሕፃን እጅና እግር የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያንቺ ልጅ ጨርሳለች፤ ይኸው ሁለት ክንድ። አሁን የሚያሰጋት ግፊትሽ ነው።»

እዚያው ውሃ ተሰጠኝ። ብርጭቆውን እሱ ያዘልኝ። ዋጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ግን እስክትወለድ ድረስ በእያንዳንዱ ኪኒን ፈራሁ።

በስምንተኛው ወር ተወለደች። ትንሽ ነበረች፤ ግን ጮኸች።

ዘመድ ሁሉ ይሰጋ የነበረው ለእኔ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ባለቤቴ በምሳ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ወደቀ፤ አልተነሳም። ልቡ ነው አሉኝ።

እኔ ዛሬም ኩላሊቴን እታጠባለሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ገብታለች። አባቷ የለም።