በብሬንዳ በኩል ያላለፈው የልብ ምት

ለአራተኛ ፎቅ ሠራተኞች በሙሉ! ከዛሬ ጀምሮ የማይክሮዌቩን ሰዓት ማስተካከል የሚፈልግ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ለብሬንዳ ያሳውቅ።

ማስታወቂያውን የለጠፈችው አለቃችን ብሬንዳ ራሷ ናት። እዚህ ካናታ ከተማ፣ እኛ ቢሮ፣ ያለ ብሬንዳ የሚያልፍ ነገር የለም። እኔ ለልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ ራስል ሰርኪዩቱን ይሠራል። በጠረጴዛዎቻችን መካከል አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ግን የተነጋገርነው በእሷ በኩል ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ራስል ሥራሽ ቀርፋፋ ነው ብሏል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ አላየሁትም... እሺ፣ ሁለቴ አይቼዋለሁ።

ያን ሐሙስ ጠዋት ራሱ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዴልፊን፣ መሣሪያውን ሊገዙ ያሰቡት ሐኪሞች ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። የልብ መቆጣጠሪያው መስመር ስክሪኑ ላይ አሁንም ይንተባተባል። ዛሬ ከወደቅን ቡድኑ ይበተናል፤ እኔም ወደ ሃሊፋክስ ተመላሽ ነኝ።»

ያሳሰበኝ ቡድኑ አልነበረም።

«ፕሮሰሰሩ እያንዳንዷን ቁጥር ከሴንሰሩ ተቀብሎ እስከ ሚሞሪው ራሱ ይሸከማል» አልኩት። «መስመሩን መሳያ ጊዜ ከየት ያምጣ?»

«ልክ እንደ ብሬንዳ!»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!»

«ዲኤምኤውን፣ ያለ ፕሮሰሰሩ ቁጥር የሚያመላልሰውን ክፍል፣ እንጠቀማ! ፕሮሰሰሩ ‹ከዚህ አንሳ፣ ይህን ያህል፣ እዚያ አድርስ› ብሎ ያዝዝና ወደ ሥራው ይሂድ። ሲያልቅ ይነገረዋል።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን ጻፍነው። ራስል ጣቱን ሴንሰሩ ውስጥ ሲከት መስመሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ! ጣቱን አወጣ።

ስክሪኑ ላይ ልቡ መምታቱን ቀጠለ።

«ራስል... ጣትህ እኮ ወጥቷል!»

«ሰው ሞቶ ደህና ነው ሊል ነው!»

ትእዛዞቹን መልሼ አነበብኩ። ከዚያ ገባኝ።

«አዲሱ ቁጥር ሚሞሪው ውስጥ ገብቷል። ፕሮሰሰሩ ግን የሚያነበው አጠገቡ ያስቀመጠውን አሮጌ ቅጂ ነው። መጀመሪያ እሱን ይጣል።»

አንዲት ትእዛዝ ጨመርኩ። ጣቱን መልሶ ከትቶ ሲያወጣ መስመሩ ተኛ።

ራስል ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ አሮጌውን መቼ ነው የምትጥይው?»

«የምኑን?»

«የመጀመሪያውን ቀን። ብሬንዳ ምን እንዳለችሽ ሰምቻለሁ። እኔ ያልኩት ‹የእሷ ሥራ ፈጣን ነው፤ ቀርፋፋው የኔ ሰርኪዩት ነው› ነበር።»

ሦስት ወር!

«ቅዳሜ የቀዘቀዘው የውሃ ቦይ ላይ እንንሸራተት? ያለ ብሬንዳ» አለኝ።

ሳልመልስለት በሩ ተከፈተ። ሐኪሞቹ ቀድመው መጡ።

የራስል ጣት ሴንሰሩ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ላይ የልብ ምቱ ሰባ ሁለት ይላል። ብሬንዳ ትተነትናለች። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ቅዳሜ፣ እሺ» አልኩት።

መቶ አሥራ ስምንት! ወዲያው፣ አንዴም ሳይንተባተብ።

«ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ እንወስደዋለን!» አለች ዋናዋ ሐኪም። «ግን ሰውዬው ምን ነካው?»

ብሬንዳ ዞረች። «ራስል፣ አብራራላቸው እንጂ!»

«አላብራራም» አለ።