ውሃ የመዘናት ሳንቲም

ሽማግሌው በጀርባቸው ተንጋለው፣ ጭንቅላታቸው ከብረቱ ካዝና ጠርዝ ሥር ሆኖ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት። በማለዳ መጥታ ብታንኳኳ መልስ ስታጣ፣ በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ። የአንደኛው ጨርቅ በመቀመጥ ብዛት ሳስቷል፤ የሌላው ገና አዲስ ነው።

«ተንሸራተው ነው» አለ ፖሊሱ።

መርማሪዋ አልፋው ገባች። ሰው ሊቸኩል ባለ ቁጥር «ቆይ» ስለምትል ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል። ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። ትንሽ የነሐስ ሚዛን አለ፤ ከሥሩ እስከ ግማሹ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ተቀምጧል። ከሚዛኑ አንድ ክንድ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል። ከጎኑ ያለውን ክድን የእንጨት ሣጥን ስትከፍተው፣ ውስጡ አንዲት አሮጌ የብር ሳንቲም፣ የንጉሡ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ተኝታለች።

«ቆይ። የተቆረጠው ክር ቀሪው እዚህ የለም። ተንሸራትቶ የሞተ ሰው ተነስቶ ክር ይዞ አይወጣም።»

«እንግዲያው ቁልፍ ያላት የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት፤ ወራሻቸውም እሷው» አለ ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልያዛት?»

«ቆይ አልኩህ።»

የእህታቸው ልጅ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ኩሽና ቆማ ነበር።

«ትናንት ማታ ጋሼ ደውለውልኛል» አለች። «‹ልጄ፣ ሳንቲሟ ቤቷ የለችም› አሉኝ። ሣጥኑ ባዶ ነው ወይ ብላቸው፣ ‹አለች፤ ግን እሷ አይደለችም› አሉ። ተረኛ ነበርኩ። ጋሼ ይተኙ፣ ነገ እመጣለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ሲከፋቸው ሰበብ ፈልገው ይደውሉ ነበር፤ እሱ መሰለኝ።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ጋሼ ጃጅተው ነበር?»

«ቆዪ፣ እንደርስበታለን። ሳንቲሟ እንዴት እጃቸው ገባች?»

«ንጉሡ ባሳተሟት ዓመት ሞቱ ይባላል፤ ስለዚህ ብርቅ ናት። አንድ አንጥረኛ በስቶ ለሚስቱ አንገት አሰረላት። ሚስቱ ስትሞት ቀዳዳውን ራሱ ደፈነው። ጋሼ በወጣትነታቸው ከአንጥረኛው ልጅ ገዟት። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣችው አንዴ ብቻ ነው፤ ሙዚየም፣ ለምርመራ።»

«ሣጥኑ ውስጥ እንዴት ያስተኟታል?»

«ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ታች። ‹የተኛ ሰው ፊት አይገለጥም› ይሉ ነበር።»

ቀጥሎ የተጠራው የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ነው። ያገኘውን ሁሉ ነክሶ ስለሚፈትን «ጥርሶ» ይሉታል። ሳንቲሟን በጠርዟ ይዞ በአጉሊ መነጽር አያት።

«አትነክሳትም?» አለችው መርማሪዋ።

«እቺን ከምነክስ ጥርሴ ይርገፍ፣ እሜቴ። ዘውዱ ላይ ይዩ፤ የድፍኑ ቀለም ይለያል። የአንጥረኛው ብርና የንጉሡ ብር አንድ አይደለም። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ቢሆን ሁሉም ባንድ ቀለም ይወጣ ነበር። እውነተኛዋ ናት።»

«ከዛሬ በፊት ነክተሃታል?»

«ስንቴ ለመንኳቸው። ‹መጀመሪያ አፍህን አሳስር› ይሉኛል።»

«ይሄ ክርና ውሃስ?»

«አንጠልጥለው መጀመሪያ በአየር፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይመዝኗታል። ጥሩ ብር ውሃ ውስጥ የሚቀለው በልኩ ነው፤ ሌላ ብረት የገባበት ግን ከልኩ አልፎ ይቀላል። ሰው ይዋሻል እንጂ ውሃ አይዋሽም።»

በመጨረሻ የሙዚየሙ ባለሙያ መጣ፤ እሑድ እሑድ ሽማግሌውን የሚጠይቅ ብቸኛ ወዳጅ። ሳንቲሟን ከመንካቱ በፊት ነጭ ጓንት አጠለቀ።

«እውነተኛነቷን እንዳረጋግጥለት ወር ያህል እኔ ጋ ነበረች» አለ። «ባለፈው ሳምንት መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ እዚህ አልመጣሁም።»

«ሽማግሌው ተለውጣብኛለች ብለዋል።»

«ምስኪን። ብቻውን የሚኖር ሰው የማያስበው የለም። ይኸው ሳንቲሟ።»

«ሐሰተኛ ሳንቲም እጃችሁ ሲገባ ትጥሉታላችሁ?»

ሰውየው እንደተሰደበ ሁሉ ቀና አለ። «ሙዚየም ምንም አይጥልም። ሐሰትም ይጠናል። እንደተገኘ ነው የሚቀመጠው።»

መርማሪዋ ወጥታ ለፖሊሱ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

አመሻሽ ላይ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ከሄደበት ተመልሶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አጎትሽ አልጃጁም» አለቻት ለእህታቸው ልጅ። «ሳንቲሟን ተጠራጠሩ፣ በውሃ መዘኑ፣ ውሃው ቅጂ መሆኗን ነገራቸው። ዛሬ ሣጥኑ ውስጥ ያገኘናት ግን እውነተኛዋ ናት። ስለዚህ ሳንቲሞቹ ሁለት ናቸው። ማታ አንድ ሰው እውነተኛዋን መልሶ ቅጂዋን ወስዷል። ‹ተለወጠብኝ› የሚለው ቃል ከሽማግሌው ጋር እንዲቀበር።»

«እኔ ግን...» አለ ጥርሶ።

«አንተ እጅህ ያልገባውን ከየት ታመጣለህ? የእህታቸው ልጅም ብትሆን ኖሮ ሳንቲሟን ፊቷን ወደ ታች ታስተኛት ነበር። ሳንቲሟ የወጣችው ወደ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከኪሷ ትንሽ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሌላ ሳንቲም ወደቀች፤ ነጭ ክር እንደታሰረባት ነው። የክሩን ጫፍ ከሚዛኑ ክር ጫፍ ጋር አገጣጠመችው። ገጠመ።

«ከሙዚየሙ፣ ከእርስዎ መሳቢያ ነው የመጣችው» አለችው ባለሙያውን። «ሌላ ሰው ቢሆን ወንዝ ይጥላት ነበር። እርስዎ ክሯን እንኳ አልፈቱም፤ እንደተገኘች አስቀመጧት።»

ባለሙያው ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ።

«ደውሎ ጠራኝ። ልመልስለት እውነተኛዋን ይዣት መጣሁ። አልተቆጣም። ‹ለምን አልጠየቅከኝም?› ብቻ አለኝ። ከዚያ ግን ለሙዚየሙ ልናገር ነው ብሎ ወደ ስልኩ ሲሄድ ገፋሁት።»

«ለምን ሰረቋት?» አለች የእህታቸው ልጅ።

«ሙዚየም ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ሁሉ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ የምትጠብቀኝ አንዲት ነገር ፈለግሁ።»

«ጋሼ ከእርስዎ በቀር ጠያቂ አልነበራቸውም።»

«እኔም ከሱ በቀር አልነበረኝም።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ጥርሶም ነፍስ ይማር ብሎ ተከተለ። የእህታቸው ልጅ ከሁለቱ ወንበሮች ባንዱ ተቀመጠች።

«ማታ ስልኩን ባልዘጋው ኖሮ» አለች፣ «ዛሬ ይኖሩ ነበር?»

መርማሪዋ የምትቸኩልለት ቤት አልነበራትም። ኮቷን አውልቃ ከጎኗ ተቀመጠች።