ዮናስ የወጣበት ማማ

እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ «እኔ በዚህ የማላምን ሰው ነበርኩ» ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ፣ እኔ ራሴ ሰው እንዲህ ሲጀምር ከሰማሁ ወሬው ሳያልቅ ሻይዬን ጨርሼ የምነሳ ነኝ፣ ስለዚህ አሁን ብትነሱብኝ አልቀየምም። ካልተነሳችሁ ግን ልንገራችሁ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዛርና በቡዳ፣ በሕልም ፍቺና በጠንቋይ ላይ እያሾፍኩ ስጽፍ የኖርኩ፣ ከጎረቤት ይልቅ መጽሐፍ የሚበዛልኝ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ውስጥ የሸበትኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው ዊንተር ባለቤቴ ሰብለ ሆዷን ሰርጀሪ አድርጋ ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን፣ ታናሽ ወንድሟ ዮናስ አገር ቤት በመኪና አደጋ ሞተ። የተደወለው ለእኔ ነው፣ ለእሷማ ማን ይደውላል። እናታቸው ስትሞት ዮናስ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ያሳደገችው ሰብለ ናት፣ እኛ ልጅ የለንም፣ ልጇ እሱ ነበር። ግራ ሲገባኝ ጋሼ ታደሰ ጋ ደወልኩ፣ በእኛ ሰፈር መርዶ ሲኖር ሰው የሚያሰባስቡት እሳቸው ናቸው።

«ስፌቷ እስኪጠግግ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበን እንመጣለን።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ልዋሻት ጋሼ?»

«መዋሸት አይባልም፣ መጠበቅ ነው።»

«ቅዳሜ የሆነው ለምንድን ነው?»

«ሰዉ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነዋ። አንተ መቼም ከመቃብር ቆፋሪ ጋርም ትከራከራለህ።»

ሞትን መደበቅ ሐዘንተኛን መናቅ ነው ብዬ አንድ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር፣ ጋሼ ታደሰም አንብበውት ወር ያህል አኩርፈውኛል። ታዲያ ተራው የእኔ ሲሆን ምን አደረግኩ? ዋሸሁ። ዮናስ በየእሁዱ ነበር የሚደውለው፣ የመጀመሪያው እሁድ ኔትወርክ ነው አልኳት፣ በሁለተኛው ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል አልኳት፣ በሦስተኛው እሷው ራሷ «ኔትወርክ ነው አይደል?» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ።

በዚያው ሰሞን ኦግደን የሚባለው ሰፈር አንድ የእንግሊዝ ሰው ሞተው የቤታቸው ዕቃ ሲሸጥ አንድ ካርቶን አሮጌ ፎቶ ገዝቼ ነበር። ሁሉም የእንግሊዝ ከተማና መንደር ነው፣ በሁሉም ላይ ማማ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ማማ፣ ገበያ መሃል የቆመ የሰዓት ማማ፣ ሐረግ የወረሰው የፈረሰ ግንብ። ሰው ሕዝቡን ዳር ጥሎ ድንጋዩን መሃል አድርጎ ፎቶ የሚያነሳው ለምንድን ነው ብዬ ልጽፍበት አስቤ አንድ በአንድ ስካን አደረግኳቸው፣ ከዚያ ሰብለ ሐሳቧ እንዲያዝላት ብዬ «ክቡን ከክቡ፣ አራት ማዕዘኑን ከአራት ማዕዘኑ መድቢልኝ» ብዬ ሰጠኋት።

ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ፣ በረዶው በስሱ እየወረደ ሳለ ከሳሎን ጠራችኝ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አምስት ፎቶ ደርድራለች፣ አምስተኛውን በጀርባው ገልብጣ እጇን ጭናበታለች።

«አንተ፣ ይሄ ዮናስ አይደል?»

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በማማው በር ሊገባ ሲል ይታያል፣ ግራ ትከሻው ዘመም ያለ ነው። ዮናስ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረው ትከሻ ልክ እንደዚያ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል» አልኳት፣ «ሞተ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ።

«እሺ፣ ሁለተኛውን እየው።»

ከተማው ሌላ፣ ማማውም ሌላ፣ ሥሩ የፈረስ ጋሪዎች ቆመዋል፣ የታችኛው መስኮት ላይ ግን ያው ትከሻ። የድሮ ካሜራ ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ስለሚከፈት የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ጥላ ይመስላል ብዬ አብራራሁላት፣ ተናግሬ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና «ሦስተኛው ላይ ከፍ ብሏል፣ አራተኛው ላይ ደግሞ ጫፍ ሊደርስ ነው፣ እየወጣ ነው» አለች።

ላፕቶፔን ከፍቼ ስካን ያደረግኩትን አጎላሁት፣ መስኮቶቹ ባዶ ናቸው። ወረቀቱን አየሁት፣ ሰውዬው አለ። እመኑኝ፣ አምስት ጊዜ አመሳከርኩ።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጫማ ድንጋይ ሲረግጥ። የእኛ ቤት ደረጃ እንጨት ነው፣ ምንጣፍ ለብሷል፣ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ፈርነሱ፣ የቤቱ ማሞቂያ ነው ብዬ አጠፋሁት፣ ዝም አላለም። ስቆጥር ሃያ አለፈ፣ አርባ አለፈ፣ ድምፁ ሁለተኛውን ፎቅ አልፎ፣ ጣሪያውን አልፎ፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ መውጣቱን ቀጠለ። ሰብለ ፊቷን ወደ ኮርኒሱ አንስታ እሱን እየተከተለች ነበር፣ እሷም ትሰማው ነበር ማለት ነው፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

«አንተ ዋሽተኸኝ አታውቅም» አለችኝ። «ሰው የሚጠላህም ለዚሁ ነው። ንገረኝ፣ ወንድሜ ሞቷል?»

ከላይ የሚወጣው እግር ቆመ። ሦስታችንም ቆምን ማለት ይቀለኛል።

አንድ እጇ ስፌቷ ላይ ነው፣ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ያን ሁሉ የጻፍኩትን አሰብኩ፣ ማሰብ ምን ያደርጋል።

«ደህና ነው» አልኳት። «ዮናስ ደህና ነው።»

ከጣሪያው በላይ እግሩ ዞረ፣ ጠጠር ተረግጦ ሲፈጭ ሰማሁት። ከዚያ አንድ ደረጃ ወረደ፣ ዝም አለ፣ ሌላ አንድ ወረደ። ሰብለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፣ የተገለበጠውንም ፎቶ ሳታሳየኝ ከሌሎቹ ጋር ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

ቅዳሜ ማለዳ አስራ ሁለት ሰዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፣ ጋሼ ታደሰ አረዷት። አላለቀሰችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለቻቸው። «ዮናስ ደህና ነው ብሎ ባሌ ነግሮኛል። እሱ ደግሞ አይዋሽም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እግሯ ላይ ወድቄ ዋሽቼሻለሁ አልኩ፣ ዕለቱን ስሙን አደጋውን ተናገርኩ፣ ጋሼ ታደሰ እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፣ እሷ ግን ራሴን እየዳበሰች «አይዞህ፣ ደክሞህ ነው» አለችኝ።

ካርቶኑን አውጥቼ ጣልኩ። ምንም አልተለወጠም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት እግሩ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ፣ አንዳንድ ቀን አንድ ደረጃ ብቻ። በየቀኑ ሞቷል እላታለሁ፣ ለምኛታለሁ፣ ጮኬባታለሁ፣ ሐኪም ጋ ወስጃታለሁ። ጥቁር አልለበሰችም። ትናንት ድምፁ ተለወጠ፣ ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ ምንጣፍ የሚረግጥ እግር ሆነ።

ይህን የምጽፈው ከደረጃው ሥር ተቀምጬ ነው፣ ከደረሰ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። እሱም መሞቱን እስካሁን የነገረው ሰው የለም።