ለጫጩት የተጻፈ ምክር

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ስህተት አይቻለሁ፤ ከፊሉም የራሴ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከሰነፍ ሰው የመጣ ስህተት አይደለም። ከጎበዝ ሰው፣ ከቅን ልብና ከችኮላ የመጣ ነው። ሁላችንም በኪሳችን በያዝነው ስልክ በየቀኑ የምንሠራው ዓይነት ስለሆነ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ክፍላችን ጠባብ ናት። ኢንኩቤተር የምንላቸው ሦስት የማሞቂያ ሳጥኖች አሉን፤ ጎናቸው በጠራ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ እጅ የሚገባባቸው ክብ በሮች ያሏቸው። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም፤ የእናቱን ሆድ የሚተካለት ሳጥኑ ነው። በልጁ ቆዳ ላይ የምትለጠፍ ሴንሰር የምትባል ትንሽ የሙቀት መለኪያ አለች። እሷ የልጁን ሙቀት ለማሽኑ ትነግረዋለች፤ ማሽኑም እሷን እየሰማ ሙቀቱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስተኛው ሳጥን ጮኸ። ውስጡ የነበረችው በሰባት ወሯ የተወለደች፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም የምትመዝን ልጅ ናት። በማሽኑ መስኮት ላይ «ኢ 17» የሚል ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ማሞቂያው ቆሟል። ልጅቷን አውጥቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት።

የጥገና ሠራተኛችንን አስጠራሁት። ያልፈታውና መልሶ ያልገጠመው ማሽን ስለሌለ ሆስፒታሉ በሙሉ «ዶክተር ብሎን» ነው የሚለው። እየሮጠ መጣ።

«ኢ አሥራ ሰባት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ ሲስተር። የዚህ ማሽን መመሪያ መጽሐፍ የት እንደገባ አይታወቅም። ቆይ፣ ኢንተርኔት ይጠየቃል።»

ሴንሰሩን ጠርጥሮ ስልኩን አወጣና በእንግሊዝኛ «ኢንኩቤተር አልሞቅ አለ፣ ሴንሰሩ ተበላሸ» ብሎ ጻፈ።

«ፍጠን እንጂ፣ ልጅቷ እየበረዳት ነው!» አልኩት። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ የመጣለትን ገጽ ከፈተ። «ይኸው ተገኘ! ሴንሰሩን ንቀልና በምትኩ ሬዚስተር ግጠም፣ ማሽኑ ሴንሰር ያለ ይመስለዋል፣ ወዲያው ይሠራል ይላል። ከሥሩ ስንትና ስንት ሰው አመስግኗል።»

ሬዚስተር ማለት ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ዕቃ ነው። ከመሣሪያ ሳጥኑ አንዱን መርጦ ገጠመው። ጩኸቱ ቆመ፤ አረንጓዴው መብራት በራ፤ ማሞቂያው ተነሣ። እኔም «እጅህ ይባረክ» ብዬ ልጅቷን መልሼ አስተኛኋት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከሌላ ሕፃን ጋር ስደክም ቆየሁ። ስመለስ ልጅቷ እንደ ቲማቲም ቀልታለች። እጄን ባስገባ ሳጥኑ ምድጃ ሆኗል። በቴርሞሜትር ስለካት ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል! ለካስ ያቺ ሬዚስተር የማትሰማና የማታይ ግዑዝ ናትና ማሽኑን ያለማቋረጥ «በርዶኛል» ትለዋለች፤ እሱም አምኖ ያነድዳል።

ነጥቄ አወጣኋት። ሐኪማችንም ደረሰ። ሙቀቷ ቀስ በቀስ እስኪወርድ ድረስ በየደቂቃው እየለካናት ቆየን። እናቷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ገና ቀና አላለችም። ስለዚህ ልጅቷን በር ላይ ሲጠብቁ በነበሩት በሴት አያቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገን በነጠላ ሸፈንናት። ገላ ለገላ መታቀፍ ጥሩ ሙቀት ነው፤ ይቺ ግን ትንፋሿ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ተገልጣ እየታየች የምትሞቅበት ሳጥን ያስፈልጋት ነበር፤ ሁለቱን ሳጥኖች ደግሞ ሌሎች ሕፃናት ይዘዋቸዋል። ሐኪሙ አጭር ቃል ተናገረ፦ «አምቡላንሱ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እስከዚያ ማሽኑ ካልተስተካከለ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልካታለን። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱን አልወደውም።»

ዶክተር ብሎን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማማ» አላቸው አያቲቱን፤ «እኔ ነኝ። ኢንተርኔት ያለውን ነው ያደረግኩት።»

አያቲቱ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። ጮኸው ይረግሙታል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ ልጅቷን ላለመቀስቀስ ነው መሰለኝ።

«ኢንተርኔት አይናገርም ልጄ። አንድ ሰው ነው የተናገረው። ማን ነው እሱ?»

ዶክተር ብሎን ስልኩን አየ። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ሳበ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ሲስተር...» አለኝ። «ይሄ... ይሄ እኮ የጫጩት ማስፈልፈያ ነው።»

እውነቱን ነው። ኢንኩቤተር የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈልበትም ማሽን ስም ነው። ገጹ የዶሮ አርቢዎች መወያያ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ያመሰገነውም ስለ እንቁላሉ ነው። ለጫጩት የተጻፈ ምክር ነው በሰው ልጅ ላይ የሞከርነው።

«ፍጠን» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኛ!

«በሉ እንግዲህ» አሉ አያቲቱ፤ «ልቅሶውን በኋላ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ነው የሠራሁት። ሰው መጥቶ 'መጽሐፍ ስጪኝ' ሲለኝ 'የትኛውን?' እለዋለሁ እንጂ በሩ አጠገብ ያለውን አንስቼ አልሰጠውም። እጆቼ ልጅ ይዘዋል፤ አንተ ጻፍ፣ እኔ ልንገርህ። መጀመሪያ የማሽኑን ሞዴል ከጀርባው አንብብልኝ።»

ተንበርክኮ አነበበ።

«እሱን በሁለት የጥቅስ ምልክቶች መካከል ጻፈው። ቀጥሎ ኢ አሥራ ሰባትን፣ እሱንም በጥቅስ። በጥቅስ ውስጥ ያስገባኸውን ቃል መፈለጊያው እንዳለ ይፈልገዋል፤ ይመስላል ብሎ ሌላ እንዳያመጣልህ ነው።»

ጻፈ። ቅድም ሲፈልግ የመጣለት አሥራ ስምንት ሚሊዮን ገጽ ነበር። አሁን ስድስት ሺህ ሆነ። በሁለት ጥንድ ጭረት ብቻ ያ ሁሉ ሚሊዮን ጠፋ! እኔ ጠጋ ብዬ ቆምኩ።

«አሁንም እንቁላል ያለበት ይታየኛል» አለ።

«የመቀነስ ምልክት አድርግና ክፍተት ሳትተው 'እንቁላል' በል። እንደገና ቀንስና 'ዶሮ' በል። የማትፈልገውን ከበር መልሰው።»

ዶሮዎቹ በሙሉ ከስልኩ ወጡ። ዶክተር ብሎን ሳያስበው ፈገግ ካለ በኋላ አፍሮ ፊቱን መለሰ።

«ቅድም ምን ብለህ ነበር የጠየቅኸው?» አሉት።

«አልሞቅ አለ፣ ተበላሸ።»

«አየህ፣ ያ የአንተ ጭንቀት ነው። ማሽኑን የሠራው መሐንዲስ 'አልሞቅ አለ' ብሎ አይጽፍም። መልሱን የጻፈው ሰው በምን ቃል ይጽፈው ይሆን ብለህ አስብና በእሱ ቃል ጠይቅ።»

ትንሽ አሰበ። «'የቆዳ ሙቀት መለኪያ' ይል ነበር። 'የብልሽት ምልክቶች ዝርዝር' ይል ነበር።»

«ጎሽ! እነሱን ጨምር። መጨረሻ ላይ 'ፋይልታይፕ' ብለህ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 'ፒዲኤፍ'። ወሬ ሳይሆን ሙሉ ሰነድ ብቻ አምጣልኝ ማለት ነው።»

ሦስት። ሦስት ገጽ ብቻ ቀረ። የመጀመሪያው እኛ ዓመታት ሙሉ የጠፋ ያልነው የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው፣ መቶ አርባ ገጽ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀን የኖረ። ብዙ ተአምር የሚባል ነገር ሰምቼ አላመንኩም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ሰውነቴን ነዘረኝ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ከብዙ ዓመት በፊት ተቀምጦ ስለዚች ልጅ ሳያውቅ ለዚች ልጅ ጽፏል። የጎደለው የእኛ አጠያየቅ ብቻ ነበር።

ዶክተር ብሎን ገጽ ስልሳ ሦስትን ጮክ ብሎ አነበበ። «ኢ 17፤ ከቆዳ ሙቀት መለኪያው የሚመጣው መልእክት ተቋርጧል። መለኪያውን በአዲስ ይተኩ።» ቀጥሎ በቀይ የተጻፈ ነበር። «በመለኪያው ቦታ ሌላ ማንኛውንም ነገር መግጠም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሕይወት ያጠፋል።»

ይህን ቀይ መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አዲስ ሴንሰር መጋዘን አለን፣ ላምጣ» ብሎ ሊነሣ ሲል አያቲቱ አስቆሙት።

«ቆይ። የድሮው ለምን ተበላሸ? ምክንያቱን ሳናውቅ ብንቀይረው ነገ ይደገማል። 'ሳይት' በል፣ ሁለት ነጥብ፣ የአምራቹን አድራሻ ጻፍ፣ የራሱን ቤት ብቻ ፈትሽ። ቀኑን ደግሞ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ያለውን አድርገው። አዲስ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ እንደሆነ እንይ።»

አንድ ማስታወቂያ ወጣ፤ የስምንት ወር ዕድሜ ያለው። የዚህ ሞዴል ሴንሰሮች በበረኪና ከታጠቡ ገመዳቸው ከውስጥ እየተበላ እንደሚቋረጥ ይናገራል። በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይጸዱ ይላል።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መዞርም አያስፈልጋቸውም ነበር። ከስድስት ወር በፊት «ከእንግዲህ ሁሉ ነገር በበረኪና ይታጠብ» ብዬ ከነፊርማዬ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ንጽሕና መስሎኝ። ማንንም አልጠየቅኩ፣ ምንም አልፈለግኩ። «ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ማን ሊያስተምረኝ?» ባይ ነበርኩ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

አያቲቱ የልጅቷን ራስ በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው «አሁን አወቅሽ አይደል? ወረቀቱን ንቀዪዋ» አሉኝ።

ሄጄ ነቀልኩት። ዶክተር ብሎን አዲሱን ሴንሰር ገጠመ። ወዲያው ልጅቷን አላስገባንም፤ መመሪያው እንደሚያዘው ማሽኑን ባዶውን አንድ ሰዓት አስኬድነው፣ በየአሥር ደቂቃው በሌላ ቴርሞሜትር እየለካን። ሙቀቱ ከታዘዘበት ፈቀቅ አላለም። አምቡላንሱ ግቢ ሲገባ ልጅቷ ሳጥኗ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ሐኪሙ አይቷት ሾፌሩን «ሂድ፣ ምሳህን ብላ» አለው።

ልጅቷ አርባ አንድ ቀን አብራን ቆይታ ሁለት ኪሎ ሞልታ ወጣች። እኔና ዶክተር ብሎን የሆነውን ሁሉ ለሆስፒታሉ ጽፈን አስገባን፤ ሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፤ ይገባናል። እሱ አሁን ማሽን ከመንካቱ በፊት የማሽኑን ሰነድ ያወጣል። እኔም አዲስ ትእዛዝ ከመለጠፌ በፊት አምራቹ ምን እንዳለ እፈልጋለሁ። የአገልግሎት ዘመኔን ሙሉ እጅ መታጠብን ለሰው ሳስተምር ኖሬ፣ መጠየቅን በስተርጅና ተማርኩ።

ወገኖቼ፣ ስለ ልጃችሁ ትኩሳት፣ ስለምትውጡት ክኒን፣ ስለምትፈርሙት ውል በስልካችሁ ስትጠይቁ መልስ አይጠፋም፤ ጣጣው እሱ ነው። መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የመጣ ሁሉ ግን ለእናንተ የመጣ አይደለም። ማን ጻፈው? ስለ ምን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ቃላችሁን በጥቅስ እሰሩት፣ የማይመለከታችሁን ቀንሱ፣ ወደ ምንጩ ቤት ሂዱ። ነፍስ ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሩ እጃችሁን አትስደዱ። ያ ሁሉ ፍለጋ የወሰደብን ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ችኮላው ግን ልጅ ሊያሳጣን ነበር።

እናቲቱ ቆማ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን ዶክተር ብሎን ብቻውን ወደ አልጋዋ ሄደ። ማንም አላዘዘውም። የሆነውን ከሀ እስከ ፐ ነገራት፣ ስለ ጫጩቱም ጭምር። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ሲጨርስ ቀና ብላ አየችው።

«ልጄን ልታሳጣኝ ነበር» አለችው።

«አዎ።»

እናቲቱ የእናቶቹን ክፍል ከእኛ ክፍል ወደሚለየው መስተዋት ዞራ፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንደኛው ውስጥ በዚያው ጠዋት የገባ፣ ገና ስም ያልወጣለት ልጅ ነበር።

«እንግዲያው የዚያንም ልጅ ማሽን መመሪያ ዛሬውኑ ፈልግለት» አለችው።