መጋዝ ያልነካቸው ሐውልቶች

ጆሲ የሐውልቷን አንገት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። መጋዝ አልነካውም።

ጅጅጋ፣ እኩለ ቀን፣ የሂርሲ መጋዘን። ከጥንት ግሪክ ሐውልቶች የተቀዱ፣ ለሳሎንና ለግቢ ማሳመሪያ የሚሸጡ የሲሚንቶ ሴቶችና ወንዶች በጅቡቲ ድንበር፣ በደወሌ በኩል ገብተው እዚህ ተደርድረዋል። እሱም ከአዲስ አበባ የመጣ ግቢ አስዋቢ መስሎ ሦስት ሳምንት ከርሟል። ጆሲ የሽፋን ስሙ ነው።

ወንድሙ ኃይለመስቀል ደወሌ ላይ የጉምሩክ ፈታሽ ነበር። በ2012 እንዲህ ያለ ሐውልት ሰርስሮ ሽጉጥ አገኘ። ሂርሲ በማግስቱ ገደለው።

የስለላ መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ መሣሪያውን ያዝ፣ ሂርሲን በሕይወት አምጣ። ጆሲ በልቡ የተቀበለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«እነዚህ ሦስቱ ለማን ናቸው?»

«ለሐጂ ሱጉሌ ሳሎን» አለች ሳጋል። «ፈርምና ጫን።»

ለሂርሲ ጸሐፊው ናት። ለጆሲ ደግሞ «ጠጠር» የምትባል የስለላ ባልደረባው።

ዋሸች።

እዚህ ከተማ፣ በሚሰገድበት ቤት ራስ ያለው ሐውልት አይገባም። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ሁሉ እዚሁ አንገቱ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ሙሉውን የሚወስዱት ሆቴሎች ብቻ ናቸው። እነዚህ ያልተቆረጡት ሆዳቸው ባዶ ስላልሆነ ነው። ከፈረመ ደግሞ መሣሪያው የእሱ ይሆናል።

«መጋዝ ስጡኝ» አለ። «ከነራሷ ብወስዳት ሐጂ በከዘራ ነው የሚያባርሩኝ።»

ሳጋል በሩ ላይ የቆመውን ሂርሲን አየችው።

ሂርሲ ሽጉጡን መዘዘ። «ዋሪያ፣ ወንድምህም እንዳንተ እጁ አያርፍም ነበር።»

ሸጣዋለች።

ጆሲ ሐውልቷን በትከሻው ገፋት። ሽጉጡ ሲጮህና እሷ ስትወድቅ እኩል ሆነ። የጆሲ ግራ እጅ ተበሳ። ሂርሲ ከወገቡ በታች ሲሚንቶው ሥር ቀረ። ከተሰበረው ሆዷ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሽጉጦች ተዘረገፉ። ሂርሲ ከእጁ ወደ ወደቀው ተንጠራራ።

ጆሲ ቀደመው።

«በሕይወት ነው የተባልነው» አለች ሳጋል።

«በሕይወት የማስረክበው አንቺን ነው።»

«ወንድምህ ለምኖኝ ነበር» አለ ሂርሲ።

«አንተም ለምነኝ።»

ሂርሲ ለመነ። ጆሲ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ተኮሰ።

ሳጋልን ከበሩ ብረት ጋር አስሮ ለአለቃው ደወለ። «ዕቃው ተገኝቷል። ጠጠር ከድታለች።»

«ሂርሲስ?»

ስልኩን ዘጋው። ከአሁን በኋላ መሥሪያ ቤቱም ያሳድደዋል።

እጁን በሽርጥ ጠቅልሎ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከተሳፋሪው መሃል ተሸጎጠ። አመሻሽ ላይ በእናቱ ሰፈር አለፉ። ኃይለመስቀልን ከቀበረች ወዲህ የምትጠብቀው እሱን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚፈልጉትም እዚያ ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

«ወራጅ አለ?» አለ ሾፌሩ።

ጆሲ ፊቱን ከመስኮቱ አዞረ፤ ሚኒባሱ ሳይቆም አለፈ።