ግራ አላልኩም

«ማን ነው የሚያበረው?» ሲሉ ጠየቁ ባለሱቋ፣ ሁለቱን የሪሞት አውሮፕላኖች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እያስቀመጡ።

«ጋሼ ነዋ» አለች ቁንጫ። ወንድሟ አፉን እስኪከፍት እንኳ አልጠበቀችም። «እሱ ይችላል። የጓደኛውን ብዙ ጊዜ አብርሯል። ከዚያ እኔን ያስተምረኛል።»

ቁንጫ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንላት አጎቷ ያወጡላት የቤት ስም ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አሁንም የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ባንድ እግሯ እየዘለለች ነው። ጋሼ የምትለው ወንድሟ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የጓደኛውን አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም። አውሮፕላን ያለው ጓደኛም የለውም። እርግጥ በስልክ ጌም ብዙ በሯል፤ እሱም ቢሆን ግማሹን ጊዜ ተከስክሶ ነው።

ውሸቱ የተወለደው ቁንጫ ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ሳምንት ነው። ምግብ አልበላም ብላ ቤቱን ስታስጨንቅ «ይሻልሽና በሪሞት አውሮፕላን ማብረር አስተምርሻለሁ፤ እኔ እኮ ብዙ ጊዜ አብርሬያለሁ» አላት። ለማባበል ብቻ የተባለች ነገር ነበረች። ቁንጫ ግን በላች፣ ዳነች፣ ትምህርት ቤት ተመለሰችና ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አወራች። ወሬው ልብስ ሰፊው አጎታቸው ጆሮ ደረሰ። አጎታቸውም «በሉ ሄዳችሁ ምረጡ፣ ሒሳቡን ለኔ ተዉት። ደግነቱ የሚያውቅ ሰው አብሯት አለ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሚያውቅ ሰው» የምትለዋ ነገር ሆዱ ውስጥ ቁጭ ብላ አልፈጭ ብላዋለች።

የሚፈራው ባለሱቋን አይደለም፤ አጎቱንም አይደለም። የሚፈራው ቁንጫን ነው። እሱ ያለው ሁሉ እውነት ነው ብላ የምታምን ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት። እሷ አንድ ቀን ቀና ብላ «ዋሸኸኝ?» ስትለው ፊቷ ምን እንደሚመስል ሳያስብ ያደረበት ቀን የለም።

ባለሱቋ መነጽራቸውን አስተካክለው ማስረዳት ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከእናቱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ ጣቶቻቸው ላይ የደረቀ ሙጫ ያለባቸው ሴት ናቸው። «ነጩ ክንፉ ከላይ ነው። ስለዚህ ሲደናገርህ የሪሞቱን እጀታ ከለቀቅክለት ራሱ ይቃናል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቢወድቅም ፎም ነው፣ በሙጫ ይጠገናል። ቀዩ ፈጣን ነው። ያዘዝከውን ወዲያው ይፈጽማል። ተሳስተህ ካዘዝከውም ስህተቱን ወዲያው ይፈጽመዋል።»

ሰሞኑን ተደብቆ ያነበበው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር። ለጀማሪ ክንፉ ከላይ የሆነ፣ ቀርፋፋ፣ ከፎም የተሠራ። ነጩን ነው መምረጥ ያለበት፤ በዚህ ላይ አንድም ጥርጣሬ የለውም። ችግሩ የነጩ ሳጥን ላይ በትልልቁ የተጻፈው ጽሑፍ ነው። ቁንጫ ደግሞ ዘንድሮ ማንበብ ችላ፣ ያየችውን ሁሉ ካላነበብኩ ማለት ጀምራለች።

«ለ... ጀ... ማሪ... ዎች» አለች፣ በጣቷ እየተከተለች። ከዚያ አፍንጫዋን ሸበሸበች። «ጋሼ፣ ይሄ የፋራ ነው። አንተ ጀማሪ አይደለህም።»

«ቀዩን እንሞክረው» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ሱቁ ጀርባ የትምህርት ቤት ሜዳ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ስለሚሆን ባለሱቋ ገዢዎችን የሚያስሞክሩት እዚያ ነው። ለሙከራ የሚያወጡት ቀይ አውሮፕላን ከመጠጋገኑ ብዛት ቀለሙ ተዥጎርጉሯል። በሽቦ የተያያዙ ሁለት ሪሞቶች አወጡና አንዱን ሰጡት።

«ይሄ ያንተ፣ ይሄ የኔ» አሉ። «ሲጨንቅህ ‹ይውሰዱት› በለኝ፤ ያኔውኑ እረከብሃለሁ። ስታዞረው ደግሞ ያሰብከውን እንዳውቅ ጮክ ብለህ ‹ግራ› ወይም ‹ቀኝ› በል። ግራና ቀኝ የምንለው የአውሮፕላኑን ነው፣ ያንተን አይደለም። ውስጡ እንደተቀመጥክ ቁጠረው። መቼም ይሄን ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ያውቃል የተባለን ሰው ማን ይጠብቀዋል? ባለሱቋ አውሮፕላኑን ራሳቸው አስነስተው ከፍ ካደረጉለት በኋላ ጣታቸውን ከእጀታው ላይ አነሱ።

ሲርቅ ጥሩ ነበር። ቀኝ ሲለው ቀኝ ሄደ፣ ግራ ሲለው ግራ። ቁንጫ ከኋላ አጥሩ ጋ ሆና ስታጨበጭብ ይሰማዋል። ለጥቂት ጊዜ እውነትም የሚችል መስሎት ነበር። ከዚያ አውሮፕላኑን አዞረውና አፍንጫው ወደ እሱ መጣ። ያን ጊዜ የእሱ ቀኝ የአውሮፕላኑ ግራ ሆነና ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት አየና እጀታውን ወደ ግራ ገፋ። ጭራሽ ወደ ቀኝ ባሰበት። አብዝቶ ገፋ፤ አሁንም ባሰበት። ክንፉ ተዘቀዘቀ፣ ሞተሩ መጮህ ጀመረ።

«ይውሰዱት» ነበር ማለት የነበረበት። ግን ያንን ቃል ቁንጫ ትሰማለች። በምትኩ ሰው ሲጨንቀው ሳያስበው የሚለው ነገር አመለጠው። «ግራ ገባኝ።» የመጀመሪያዋ ቃል ጮክ ብላ ወጣች። ሁለተኛዋን ግማሹን ራሱ ዋጣት፣ የቀረውን የሞተሩ ድምፅ ወሰደው።

አውሮፕላኑ በአፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ።

ባለሱቋ ሮጠው ሄደው የተሰበረውን አነሱ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ሀፍረት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉት። «‹ግራ› ስትል ሰማሁ፤ አውሮፕላኑም ወደ ግራው እየዞረ ነበር። አስቦበት ነው፣ ዞሮ ያመጣዋል ብዬ ተውኩህ። ቶሎ መረከብ ነበረብኝ። ይቅርታ።»

«አየህ፣ አንተ ልክ ነበርክ» አለች ቁንጫ እየሮጠች መጥታ። ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «እሳቸው ናቸው ያበላሹት» ስትል ጨመረችለት።

ምንም ማለት አይጠበቅበትም ነበር። ዝም ማለት ብቻ። ባለሱቋ ራሳቸው ጥፋቱን ተሸክመውለታል፤ ቁንጫም አጽድቃዋለች። ከዚህ የቀለለ መውጫ የት ይገኛል? ጭንቅላቱን ነቅነቅ አደረገ፤ እሺ ማለት ይሁን ምን ማለት ይሁን ራሱም አላወቀም።

«በቃ ቀዩን እንግዛ» አለች ቁንጫ መዝለሏን ቀጥላ። «ሁለተኛው ሪሞት አያስፈልገንም። እኔና አንተ ብቻችንን እናበረዋለን። የክፍሌን ልጆች እጠራቸዋለሁ፤ በደንብ እንዲያዩ ከፊት ይቆማሉ።»

ከፊት ይቆማሉ። አውሮፕላኑ የተተከለበትን ቦታ አየ። ሣሩ ተገንጥሎ አፈሩ ወጥቷል። እዚያ ቦታ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ልጆች፣ መሃላቸው ቁንጫ ስትዘል ታየችው። ነፋስ አለ ይላታል። ባትሪው አልሞላም ይላታል። ነገ ይላታል፣ ከነገ ወዲያ ይላታል። ገና ያልዋሻቸው ውሸቶች ከወዲሁ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ ታወቀው፤ ከመጀመሪያዋ ይልቅ እነሱ አስፈሩት።

«ግራ አላልኩም» አለ።

ባለሱቋ ቀና አሉ። «እንዴ፣ በጆሮዬ ሰማሁህ እኮ።»

«ግራ ገባኝ ነው ያልኩት።»

ባለሱቋ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቃቸው መጣ፤ ፊቱን አይተው ግን መለሱት።

«አብርሬ አላውቅም» አለ፣ ለእሳቸው የተናገረ ይምሰል እንጂ ለቁንጫ ነበር። «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። የጓደኛዬ አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

«እሺ» አሉ ባለሱቋ ቀስ ብለው። «ይሄን አስገብቼ ነጩን ይዤ ልምጣ።» ስብርባሪውን አቅፈው ሄዱ።

ቁንጫ መዝለል አቁማለች። «ዋሸኸኝ?» አለችው። ፊቷ እሱ ሲያስበው ከኖረው የባሰ ነበር፤ አላለቀሰችም፣ ልክ እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችው።

«አዎ።»

ጀርባዋን ሰጥታው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ጠጋ ብሎ ተቀመጠ፣ ብዙም ሳይጠጋ።

«ልጆቹ ሙድ ይይዙብኛል» አለች ሣር እየነጨች። «ምን እላቸዋለሁ?»

«ወንድሜ ውሸታም ነው በያቸው።»

«አልላቸውም።» የተቆጣች ድምፅ ነበር። ሌላ ሣር ነጨችና «ዋና እችላለሁ ያልከውስ?» ስትል ጠየቀች።

«እሱ እውነት ነው።»

«ውሻ አባረርኩ ያልከውስ?»

«ውሻው ነው ያባረረኝ። ሱሪዬ የተቀደደው ለምን መሰለሽ?»

ልትስቅ ነበር፤ ወዲያው ኩርፊያዋ ትዝ አላትና ተወችው። ከዚያ ዞራ አየችው። «ማታ መብራት ሲጠፋ ምንም አልፈራም የምትለውስ?»

ይህችን ማንም አያውቅበትም። ማንም ሊያውቅበት አይችልም። መብራት በጠፋ ቁጥር ከአልጋው ተነስቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እጇን ይይዛታል፣ እሷ እስክትተኛ ድረስ አይለቃትም። ቤት ውስጥ ጎበዝ የሚባለው በዚህ ነው። ሰውነቱ ሁሉ ዝም በል፣ ይቺን እንኳ ለራስህ አስቀር አለው።

«እፈራለሁ» አለ። «እጅሽን የምይዘው እኔም ስለምፈራ ነው።»

ቁንጫ ሣር መንጨቷን ተወች።

«እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።

ባለሱቋ ነጩን አውሮፕላን በብብታቸው ይዘው ከሜዳው ጫፍ ቆመዋል፤ ሁለቱን ሪሞቶች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አልተጠጉም፣ አልጠሩም። እሱ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ወደ እሳቸው ሄደ።

«ጣትዎን ከእጀታው ላይ አያንሱ» አላቸው። «ገና ምንም አላውቅም።»

ቁንጫ እጁን አልያዘችም፤ እንደተቀየመች ናት። ግን ተነስታ ከኋላው መጣችና በደንብ ከሚታያት ቦታ ላይ፣ ከጎኑ ቆመች።